ሳያልፍ የቀረው መርከብህ

ለውድ ወንድሜ ለአብዲኤል፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ምድጃ ስር ማጎንበሱ ዛሬም ያምሃል? ባለቤትህ ማካሬናና ትንሿ ልጃችሁ ደህና ናቸው? እኛ አምላክ ይመስገን፣ ከሙቀቱና ከአቧራው በቀር ደህና ነን። በስልክ ባገኘሁህ ቁጥር «ሊጡ ኩፍ ብሎብኛል፣ በኋላ ልደውል» ስለምትለኝ ይኸው በወረቀት መጣሁብህ። ወረቀት እንደሆነ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም!

ዝናቡ ዘንድሮ ቀርቶ ጉድ ሠራን። የመርከቦቹን ቦይ የሚሞላው ሐይቃችን በጣም ከመሸሹ የተነሳ በቅድመ አያቶቻችን ጊዜ ውሃ የዋጣቸው ዛፎች ጉቶአቸውን አውጥተው ቆመዋል። እኔ መቼም ሳላይ አላድርም፤ ልቆጥራቸው ወርጄ አንድ ጫማዬን ጭቃው አስቀርቶልኛል። ባሌ ኤውስታሲዮ ዛሬም ያው ነው፤ ከጓደኛው ጋር በትንሿ ታንኳ እየቀዘፈ ከመርከቡ የሚወረወረውን ገመድ ይቀበልና በቦዩ በር ላይ ለቆሙት ያቀብላል። ማታ ሲመጣ በጥያቄ አፋጥጠዋለሁ። አንድ መርከብ ባለፈ ቁጥር ምን ያህል የሐይቅ ውሃ ወደ ባሕር እንደሚፈስ ብጠይቀው «አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ጠጥተሽ የማትጨርሽው» አለኝ። ታዲያ ለምን መልሰው አይስቡትም? «ጨው ይዞ ይመጣላ!» ጨው መርከብን ምን ይጎዳዋል? «መርከቡንማ ምንም፤ የሚጎዳው የምትጠጪውን ነው» አለና ማንኪያውን አስቀምጦ «አንቺ ሴትዮ፣ ሐይቁን ያደረቀው ያንቺ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ።

እና በቀን የሚያልፉት መርከቦች ቁጥር ተቀንሷል። የቀረው ባሕር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ወረፋ መዝለል የፈለገ በጨረታ ይሻማል፤ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። እኔን የገረመኝ ግን፣ አንተ ዳቦ የምትጋግርበት የሽርሽር መርከብ አናቱ ላይ ሦስት የመዋኛ ገንዳ ተሸክሞ ውሃ ጠፋ ተብሎ መቅረቱ ነው። እውነት ግን እነዚያን ገንዳዎች በምን ትሞሏቸዋላችሁ? ጻፍልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መርከብህ የሚያልፍበት ቀን ለእማማ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቢጫውን የጠረጴዛ ልብስ ይዛ፣ ከጎረቤታችን ከሚስ ኤርማ ጋር በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዳ አጥሩ ስር ትቆማለች። አንተም ከመርከቡ ኋላ ወጥተህ የጋጋሪ ቆብህን ታወልቅላታለህ። ባለፈው ወር ታልፋለህ በተባለበት ጠዋት ኤውስታሲዮ ከሥራ ደውሎ የናንተ መርከብ ክፍያውም ውሃውም አልሆን ብሎት ቦዩን መተዉን ሲነግረኝ እማማ ቀድማ ሄዳለች። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ሮጥኩ።

ስደርስ ሌላ ነጭ መርከብ በሩ ውስጥ ቆሟል። እማማ የጠረጴዛውን ልብስ እያውለበለበች «አብዲኤል! አብዲኤል!» ትላለች፤ ተሳፋሪው ሁሉ እጁን ያወዛውዝላታል። ከኋላ አንድ ነጭ የለበሰ ሠራተኛ ትንሽ ግራ ተጋብቶ አያት፤ ከዚያ ቆቡን አውልቆ ዝቅ አለላት። ዓይኗን ሞራ እንደጋረደው ታውቃለህ። «አየሽው ኔሬይዳ? ከስቷል ልጄ» አለችኝ። ምን ልበላት? «አዎ፣ ከስቷል» አልኩ። ሚስ ኤርማ አንገቷን ደፋች። እማማም በመንገድ ሁሉ ስታዜም ተመለሰች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሸቴን ተሸክሜ ከረምኩ። ባለፈው ቅዳሜ ሩዙን በኮኮናት ስንሠራ ግን አልቻልኩም፤ አፈረጥኩት። እማማ ኮኮናቷን መፋቋን እንኳ አላቆመችም። «ሞራ የጋረደው ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን መሰለሽ እንዴ? የልጄን መርከብ ጡሩንባ አላውቀውም? የዚያኛው ገና ሲጮህ ነው ያወቅኩት» አለችኝ። ታዲያ ለምን ጠራሽው? ብላት «በዚያም ላይ የሰው ልጅ አለ፤ ይኸው አንዱ ቆቡን አወለቀልኝ እኮ። እሱስ የሚጠብቀው ሰው የለውም? እጄን ላውርድበት?» አለች። ለምን ከሳ አልሽኝ ብላት ደግሞ «አንቺ እንዴት እንደምትነግሪኝ ጠፍቶሽ ስትጨነቂ አሳዘንሽኝ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አለቀስኩ።

ኮኮናቱን ፍቃ ጨረሰች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ሁሉን ጠያቂ፣ እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ። መርከቡ ውሃ አጥቶ ቀረ፤ ይሁን። ልጄ ቤቱ ለመምጣት ከመቼ ወዲህ ነው ውሃ የሚያስፈልገው?» ወንድሜ፣ አራት ዕረፍትህን በሚስትህ አገር አሳልፈህ «በዓመት ሁለቴ አያችሁ የለም ወይ» ስትለን እኛም ተቀብለን ኖርን። ለካ ማለፍህን እንደ መምጣት ቆጥረነው ኖሯል። ከእንግዲህ ደግሞ ማለፉም የለም። የእማማ ግራ ዓይን ጨልሟል፤ ቀኙ ጥላ ብቻ ነው የሚያሳያት፤ ሐኪሙም «በቀዶ ጥገና ይለይለታል» አለ እንጂ ተስፋ አልሰጠንም። ጥያቄዋን እንዳለ ላንተ አስተላልፌአለሁ።

ኤውስታሲዮ ሰላም ብሎሃል፤ ከታንኳው ሆኖ ሲሰድብህ የምትመልስለትን ስድብ ናፍቆታል። ሚስ ኤርማም ጉልበቷን እያሸች ሰላም ብላሃለች። ማካሬናን ሳምልኝ፤ ትንሿንም እንዲሁ፤ ፎቶዋ ከእማማ ትራስ ስር አይጠፋም። እማማን ምን ልጻፍልሽ ብላት «ሰላምታዬን መጥቶ ይውሰድ» ብላለች።

እህትህ ኔሬይዳ
ጋቱን፣ ኮሎን
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2024