ማር ያልቀመሰ ጎረቤት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21፣ 1988
ማሰሮ ክልክል! ቅል ክልክል! በማርያም ዕለት፣ ከቀበሌ የመጣው ሰውዬ በራችን ላይ ቆሞ አረዳን። ከእንግዲህ ማር የሚሸጠው ተጣርቶ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ብቻ ነው። አማቼ ዕድሜ ልካቸውን ሀና ማርያም ደጃፍ በማሰሮ ሲሸጡ ማን ሞተ? ባለቤቴ ግርማ "እሺ" አለ። እሱ ለሁሉም እሺ ነው። ንዴቱ ለእኔ ይተርፋል።
የሚገዛ፦ ሻሽ፣ ባልዲ፣ ከምናለሽ ተራ የማርማላታ ጠርሙስ (ክዳኑ ያልዛገ)።

ዓርብ፣ ጥቅምት 23
ትናንት አመሻሽ ላይ ማር ቆረጥን። ግርማ እንደ ልማዱ ለጎረቤት የሚቀመሰውን በሳህን ሊለይ ሲል ከእጁ ቀማሁት። "ዘንድሮ ሁሉም ወደ ጠርሙስ!" ሰፈፉ ሲወጣ የሚቀረው ስንት ነውና? ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ጭሱን አይተው በአጥር በኩል "ዘንድሮስ ማሩ እንዴት ነው?" አሉ። "ሕግ ወጣበት" ብዬ ገባሁ። ዛሬ እስከ ክርኔ ማር ሆኜ ሳጣራ ዋልኩ። ጠርሙሶቹ መስኮቱ ላይ ሲያምሩ! ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27
ጠርሙስ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ሰውዬው ዞር ብሎም አላየው። ሌላ መመሪያ መጥቷል፤ በግቢው ንብ ያለው ሰው የአዋሳኝ ጎረቤቶቹን ፊርማ ያምጣ፣ ካላመጣ ቀፎውን ያንሳ።
"ባለፈው ሳምንት ለምን አልነገርከኝም?" ብለው "ያኔ አልወጣማ!" ይለኛል።
ወዴት ነው የምናነሳው? ለቡ ያለችው የሣር መሬታችን ላይ የሰው ቤት መሠረት ተቆፍሯል። ንብ በታክሲ ይዤ አልዞር! ከማሩ ሌላ ምን ቀረን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29
በስተቀኝ ያለው ጎረቤት ፈረመልኝ። እትዬ አስካለ ብዕሩን አልነኩም።
"ንባችሁ ልጆቼን ሲነድፍ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልኩት ለምን ይመስልሻል? ከእኔ ባሕር ዛፍ እየቀሰመ! ስትቆርጡ የእኔም ቤት ይቀምስ ነበር። ዘንድሮ ንቡ የእናንተ ብቻ ሆነ። እንግዲያው ብቻችሁን ፈርሙለት።"
ተቃጥዬ ተመለስኩ። በእሳቸውም ተናደድኩ፣ በቀበሌውም። ከሁሉ የባሰብኝ ግርማ ነው፤ "ብዬሽ ነበር" እንኳ አላለኝም።
ከሰዓት በኋላ አንድ ጠርሙስ ላክሁላቸው። "ይሄ የሱቅ ነው" ብለው መለሱት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1
ግርማ ለንቦቹ ቀለብ ከተውነው ላይ አንድ የማር እንጀራ ቆረጠ። በኮባ ቅጠል ሸፍኜ ይዤ ሄድኩ።
"ለፊርማው አይደለም፤ ፊርማውን ይተዉት። ያኔ ማምጣት የነበረብኝን ነው" አልኳቸው። ድምፄ ግን የጠብ ነበር።
እትዬ አስካለ ቁጭ ብለው ቀስ እያሉ አኘኩ። ሰፈፉን መዳፋቸው ላይ ተፉ። "ወረቀቱን ነገ ከቅዳሴ መልስ አምጪው" አሉ።
"ዛሬ ቢፈርሙልኝስ?"
"ዛሬ ከፈረምኩ በማር ተገዛች ይባላል።"
"ማን ይላል? ማንም አላየን።"
"እኔው ራሴ እላለኋ!"
እንግዲህ እስከ ነገ። ቀበሌው የሚከፈተው ደግሞ ሰኞ ነው፤ እስከዚያ ሌላ መመሪያ ካልወጣ።