ያ አሰልጣኝ ተባረረልህ

ውዱ ባሌ ይማም፣

የአላህ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። የባል ሐዘን ጊዜዬን፣ ኢዳዬን ጨርሼ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ፈትል ክፍሌ ተመልሻለሁ። ልጃችን ሰይድም ደህና ነው። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ እምቢ አለ፤ ጣራውም ያፈሳል። ብዕር ያስነሳኝ ግን ይህ አይደለም። ያ ሰውዬ ተባረረ! የኳስ ቡድናችን አሰልጣኝ፣ ስሙን በዚህ ወረቀት ላይ የማላሰፍረው፣ ተባረረልህ።

ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ሰው ተኮልኩሎ አገኘሁ። አንተ እየሳቅህብኝ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል ራሴ አነበብኩት። ከአሰልጣኝነት ተነስቷል ይላል። ተሳስቼ እንዳይሆን ደግሜ አነበብኩትና እዚያው ሰው መሃል እልል አልኩ። የፈትል ክፍል ሴቶች ተቀበሉኝ። ዘበኛው ሊቆጣ አፉን ከፈተና እሱም ሳቀ። ለካ ያስቀመጠው ካድሬ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሯል፤ እሱ ከሄደ በኋላ ሰውየውን ለአንድ ሳምንት እንኳ የሚሸከመው አልተገኘም።

ሰው ሲወድቅ አይሳቅም ትል ነበር። እኔ ግን ጠግቤ ሳቅሁ። ኳስ እንኳ በወጉ መምታት የማይችል ሰው ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ኮምቦልቻን ሁሉ እንደ ወታደር ሊያሰልፍ ሲነሳ እንዴት አልስቅ? ልጆቹን በጨዋታ ቀን እስከ እኩለ ቀን በውይይት ክበብ አስቀምጦ በባዶ ሆድ ያስገባቸው ነበር። ልምምዱን ደግሞ አርብ፣ ልክ በጁምዓ ሰዓት አደረገው። መስጊድ የሄደ ተጫዋች እሑድ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይውላል።

አንተ ነህ በጨዋነት አንድ ሰዓት ብቻ ገፋ አድርገው ያልከው። የሜዳውን ድንጋይ የለቀምከው፣ ማንም ሳያዝህ በየሳምንቱ መስመሩን በኖራ የምታሰምረው አንተ። እሱ በሰው ፊት «አድኃሪ ሽማግሌ፣ ከሜዳዬ ውጣ» አለህ። ሜዳዬ! አንተም «ወላሂ፣ አንተ እያለህ ይህን ሜዳ እግሬ አይረግጠውም» ብለህ ወጣህ።

ይማም፣ እኔን እኮ ኳስ ያስወደድከኝ አንተ ነህ። አዲስ ሙሽሮች ሳለን ደሴ ወስደኸኝ ጨዋታ አየን። ስንመለስ ከፒያሳ የገዛኸውን ብርቱካን አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ ደርድረህ ኦፍሳይድ ማለት ምን እንደሆነ ስታስረዳኝ አንዱ ተንከባሎ ከፊታችን የተቀመጡት ሼህ እግር ስር ገባ። እሳቸው አንስተው «ይህኛው ከመስመር ወጥቷል» ሲሉ አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ።

በማልክ በወሩ ሰይድ ለዋናው ቡድን ተመረጠ። የመስጊዳችን ሼህ መሐላህ በእግርህ እንጂ በዓይንህ ላይ አይደለም አሉህ። ካስፈለገም አሥር ሚስኪን አብልተህ ፍታው አሉህ። አንተ ግን እሑድ እሑድ ከሜዳው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተህ ለጨዋታው ጀርባህን ሰጥተህ ትቀመጥ ነበር። በጩኸቱ ብቻ ማን ኳስ እንደያዘ አውቃለሁ ትለኝ ነበር። ልጅህ ከጀርባህ እየሮጠ አንድ ቀን እንኳ አንገትህን አላዞርክም። በዚህ አንተንም ተቀይሜሃለሁ፤ ዝም ብዬህ ነው እንጂ።

ሴት ቀብር ስለማትወጣ የመጨረሻውን መንገድህን ያወራኝ ሰይድ ነው። ወደ መቃብሩ የሚያቋርጠው መንገድ በሜዳው መሃል ነው። ሰይድ «አባቴ ምሏል፣ በዳር እንሂድ» ሲል ተሸካሚዎቹ ጀናዛህን ይዘው ሜዳውን ዞሩ። ሰውየው እያሠለጠነ ነበር። ፊሽካውን ከአፉ አውርዶ ቆመ።

እና በዚህ ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት፣ ያ ሰውዬ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደጄ መጣ። በነጋታው በአውቶቡስ ሊሄድ ነው። «ያቺ ጀናዛ ስትዞር አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ይቅር በሉኝ፣ አውፍ በሉኝ» አለ። ለካ እሱም የወሎ ልጅ ነው፤ አውፍ ማለትን ያውቃል! ግባ አላልኩትም። «የተበደለው እኔ አይደለሁም፣ የተበደለው ያለበትን አይተሃል፣ ሂድና እሱን ጠይቅ» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

መቃብርህ ድረስ መጥቶ ከሆነ አንተ ታውቃለህ። አውፍ ካልከው ፈቃድህ ነው፤ አንተ ሁልጊዜም ከእኔ ትሻላለህ። እኔ ግን አላልኩትም፣ አልለውምም። ከልጅህ ጨዋታ አንድ ዓመት ሙሉ ሰርቆሃል።

የፊታችን እሑድ ሰይድ ይሰለፋል። እኔም እሄዳለሁ፤ ሴት ሜዳ ምን ትሠራለች የሚል ካለ ይምጣና በፊቴ ይበለኝ። እንዴት እንደሚሮጥ፣ ሲወድቅ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሁሉንም በዓይኔ አይቼ ልቤ ውስጥ አስቀምጥልሃለሁ። አንዱንም አልረሳም። አላህ ሲያገናኘን መጀመሪያ እቆጣሃለሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብለን ሁሉንም እነግርሃለሁ።

ሚስትህ ከድጃ