በሜዳ ዳር ስብሰባ ለጠሩት አሠልጣኝ

አዋሳ፣ የካቲት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ደምሴ፣ የኮሌጃችን እግር ኳስ ቡድን አዲሱ አሠልጣኝና የስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ደጋፊዎችዎ ባለፈው ወር በገዛ ሜዳችን ከሻሸመኔ በመጡት እንግዶች ሦስት ለአንድ ከተሸነፍን ወዲህ፣ እንቅልፍ ከማጣትና እርስ በርስ ከመኮራረፍ በቀር ደህና ነን። እርስዎ ግን በማግስቱ ፊትዎ ፈክቶ፣ ካኪ ልብስዎ ተተኩሶ በቢሮዬ ደጅ ሲያልፉ ስላየሁ፣ ሽንፈቱ ለጤናዎ እንዳላሰጋ ተረድቼ ፈጣሪን ጮክ ብዬ ላመሰግን ዳድቶኝ ነበር፤ መሥሪያ ቤት መሆኔን አስታውሼ ተውኩት።

ስሜን ቢዘነጉት አልቀየምዎትም። በኮሌጁ ጽሕፈት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ታይፕ የመታሁት፣ እርስዎ "አንቺ" ብለው የሚጠሩኝ ሙሉመቤት ነኝ። ይህን የምጽፈው ደፍሬ አይደለም። ሂስ ያለው ሰው በየሱቁ በረንዳ ከሚያንሾካሹክ፣ ስሙን ጽፎ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ያውጣ ብለው በስብሰባ ስላዘዙን፣ ትእዛዝዎን ለማክበር ነው።

በረንዳ ያሉት ታቦር ተራራ ሥር ያለውን የጠሀን ሱቅ መሆኑ ገብቶናል። እውነት ነው፣ ከጨዋታው ማግስት ጀምሮ እዚያ በረንዳ ላይ ከሳሙናና ከክብሪት ይልቅ ክርክር ይቸረቸር ነበር። ጠሀ አሥራ አንድ የለስላሳ ቆርኪ በባንኮኒው ላይ ይደረድርና፣ በግራ በኩል ያለውን አንዱን አንስቶ፣ ሜዳው የቱ ጋ እንደተከፈተ ላምባ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ያፋርዳል። ጡረተኛው አቶ ባህሩ ደግሞ አሠልጣኙ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው፣ ጊዜ ይሰጠው፣ አዲስ አሰላለፍ በአንድ ቀን አይለመድም እያሉ ለእርስዎ ይሟገታሉ። በዚህ ሳቢያ ሁለት አማቾች ሰላምታ አቁመዋል። እኔን ማንም አስተያየት አልጠየቀኝም፤ ከስልሳ ዘጠኝ ጀምሮ አንድ ጨዋታ ያላመለጠኝ ብሆንም ሴት ነኝና። ስለዚህ የበኩሌን እዚሁ በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1ኛ. ስለ አሰላለፉ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት አሠልጣኝ ተጫዋች የሚመርጡት ሲሮጥና ኳስ ሲመታ አይተው ነበር፤ ኋላ ቀር አሠራር መሆኑን እርስዎ መጥተው አስረዱን። እርስዎ የፖለቲካ ውይይት ክበቡን የስም መቆጣጠሪያ አስመጥተው፣ ብዙ ቀን የተገኙትን አሥራ አንድ ልጆች ከላይ እስከ ታች ቆጥረው አሰለፉ። በዚህም መሠረት አንድም ቀን ቀርቶ የማያውቀው ወልደጻድቅ በረኛ ሆነ። ወልደጻድቅ ጨዋ ልጅ ነው፤ በሕይወቱ ጎል ውስጥ ቆሞ እንደማያውቅ ራሱ ነግሮዎት እንደነበር አጠገብዎ ቆሜ ሰምቻለሁ።

2ኛ. ስለ ቅያሪው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኛ! አንድ ለአንድ ሆነን በስልሳ አንደኛው ደቂቃ የግራ ክንፉ ልጅ እግሩን ይዞ ተቀመጠ። ደጋፊው ሁሉ በአንድ አፍ ደበሌ፣ ደበሌ እያለ ጮኸ። በከተማው እንደ እሱ በግራ እግሩ የሚያሻማ እንደሌለ ተቃዋሚ ቡድን እንኳ ያውቃል፤ ልጁም ከተጠባባቂዎቹ መካከል ተነሥቶ ሹራቡን አውልቆ ነበር። እርስዎ ግን ግለሰብ ብቻውን አይወስንም ብለው አምስቱን የኮሚቴ አባላት ከመስመሩ ውጭ ሣሩ ላይ ሰበሰቡ፣ እኔንም ከተመልካቹ መሐል አስጠሩ። አንዱ አባል ሸንኮራ ሊገዛ ሄዶ ስለነበር ምልዓተ ጉባኤው እስኪሟላ ጠበቅን። በስልሳ አራተኛው ደቂቃ፣ ከክበቡ ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ቢገባ ለሌሎች መጥፎ አርአያ እንደሚሆን እያብራሩ ሳለ ሁለተኛው ጎል ገባብን። ጎል በቃለ ጉባኤ የት እንደሚመዘገብ መመሪያ ስላልነበረኝ "ልዩ ልዩ ጉዳዮች" ከሚለው ሥር አስገባሁት። በስልሳ ስምንተኛው ደቂቃ፣ እግሩ የተጎዳው ልጅ ጨዋታውን እንዲቀጥል ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተወሰነ። ሦስተኛው ጎል በዚያው በግራ በኩል ሲመጣ እርስዎ ለመፈረም አጎንብሰው ስለነበር አላዩትም፤ እንዳይቆጭዎት ብዬ ነው የምነግርዎት።

3ኛ. ስለ ሦስቱ ቀናት። ደበሌ የቀረው ወደ ቤተሰቦቹ አገር ቱላ ሄዶ አባቱን ሊቀብርና ለቅሶ ሊቀመጥ ነው። ይህም ተነግሮዎታል። ለቀሪ ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ነበረበት ሲሉ መለሱ። ሟቹ የሚሞቱበትን ቀን አስቀድመው ለኮሚቴው ባለማሳወቃቸው በእሳቸው ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እስከዚህ ያለው ኳስ ነው። ኳስ ደግሞ ይረሳል። በሚቀጥለው ወር አንዱን ብናሸንፍ ጠሀ ቆርኪዎቹን ይጥላል፣ አማቾቹም ይታረቃሉ። እርስዎ ግን በኳስ አልበቃዎትም። ከጨዋታው በኋላ በነበረው የረቡዕ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ለሽንፈቱ ምክንያት ተፈለገና ተገኘ፤ ደበሌ ሆነ። አንድ ደቂቃ ያልተጫወተው ልጅ! ደጋፊው ስሙን የጠራው እሱ ቀስቅሶት ነው፣ የቡድኑን አንድነት ከፋፍሏል ተባለ። ግለ ሂስ አድርግ ሲባል ተነሥቶ፣ አባቴን ከመቅበሬ በቀር ያጠፋሁትን አላውቅም ብሎ ተቀመጠ። ከቡድኑም ከትምህርቱም ለአንድ ዓመት እንዲታገድ ሐሳብ አቅርበው፣ ተቃውሞ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ከአርባ ሰው በላይ ነበርን። ሁሉም ጫማውን ያይ ነበር።

በማግስቱ የእገዳውን ደብዳቤ እርስዎ እያነበቡልኝ መታሁ። ሲያበቃ፣ ማንም ሳይጠይቅዎ፣ "ግልባጭ፦ ለሚኖርበት ገበሬ ማኅበር" ብለሽ ጨምሪ አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁዎት። ጻፊ አሉኝ። ማኅበራቱ ለብሔራዊ ውትድርና የተጠየቁትን የሰው ቁጥር ለመሙላት የሚሯሯጡበት ሰሞን እንደነበር፣ ተማሪ የሆነውን ግን እንደማይነኩ፣ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ግልባጩ በደረሰ በዘጠነኛው ቀን ደበሌ በጭነት መኪና ተወሰደ። የት እንዳለ እስከ ዛሬ የሚነግረን አላገኘንም።

ስለሆነም ምስጋናዬን ሳላቀርብ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ከእንግዲህ ክርክር የለም። ጠሀ ባንኮኒውን ጠርጓል፤ ኳስ የሚያነሣ ሰው ሲመጣም ሸቀጥ የሚቆጥር ይመስላል። ጠበቃዎ አቶ ባህሩ ወሬውን የሰሙ ዕለት ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፤ በዚያ በኩልም አያልፉም። ከተማውን ሁሉ በአንድ ወረቀት አስማምተዋልና እጅዎ ይባረክ ልበልዎ።

ሂስ የሰጠ ሰው ግለ ሂስም ያድርግ ባሉት መሠረት የራሴን ላስከትል። በዚያ ረቡዕ ማንም አፉን አልከፈተም፤ እኔ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብዬ ጻፍኩ። ያንን ግልባጭም በእነዚህ ጣቶቼ አንድ ፊደል ሳልስት መታሁት። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሥራዬን ማጣት ፈራሁ። ምክንያቴ ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም። አፍራለሁ። ሌሊት ስገላበጥ የማስበው እርስዎን አይደለም፣ ያንን መስመር ነው። የእርስዎን ግለ ሂስ ደግሞ ሲመችዎ እንጠብቃለን።

ለሚቀጥለው ጨዋታ ምልዓተ ጉባኤው እንዲሟላልዎት፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝልዎትም ከእኔ የተሻለ ሰው እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሙሉመቤት፣
የኮሌጁ ታይፒስት (ይህ እስከሚነበብበት ሰዓት ድረስ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ የደበሌ እናት ወይዘሮ ደስታነሽ ከቱላ በእግራቸው መጥተው፣ ለገበሬ ማኅበሩ የደረሰውን ወረቀት ከመቀነታቸው ፈትተው እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ያለ ፈቃድ በመቅረቱ የሚለውን ጭምር አነበብኩላቸው። የጻፍኩት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም። ይህን የሚያህል ማኅተም ያለው ሰው ልጄን መመለስ አያቅተውም ብለው፣ ለእርስዎ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። አባትዎ በሕይወት ካሉ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጣቸው መርቀዋል። አርፈው ከሆነ ግን፣ የቀበሯቸው ዕለት ፈቃድ የሰጠዎ ማን እንደሆነ እንዲነግሯቸው እንድለምንዎ አደራ ብለውኛል፤ እሳቸውም ሄደው ያንኑ ሰው ደጅ ሊጠኑ ነው።