ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ከንፈር

ሮሳልባዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ የምታዪው የፑዌብላ ከተማ አሮጌ ጨርቅ ፋብሪካ ዛሬ የጥሪ ማዕከል ሆኗል። የእህቴ ልጅ ዩሪዲያ እዚያ ስለምትሠራ ወስዳ አሳየችኝ። የሽመና ማሽኖቹ በነበሩበት አዳራሽ ሁለት መቶ ወጣቶች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ለማያውቁት ሰው "ምን ልታዘዝ?" ይላሉ። ግድግዳው ገና ቀለም ይሸታል። የኛም የኦሪሳባው ፋብሪካ ቀለም የተቀባው ሊዘጋ ሰሞን አይደል? ነገሩ አላማረኝም።

አለቃዋ በመስታወት ቢሮው ውስጥ ከአንድ እንግዳ ጋር ቆሞ እጁን አውለበለበልን።

"አየሽው አክስቴ? እንዴት ያለ ደግ ሰው መሰለሽ!" አለችኝ።

እኔ ግን ከንፈሩን እያየሁ ነበር። እኔና አንቺ በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሀል ሠላሳ ዓመት ያወራነው በከንፈር ነው፤ መስታወት ምን ያደርገናል?

"ልጆቹ እስከ ገና ይቆዩ፤ ከዚያ ስልኩን ኮምፒውተር ያነሳዋል" ይለዋል እንግዳውን፣ ለኛ ፈገግ እንዳለ።

ለዩሪዲያ ብነግራት "አንቺ ደግሞ ሰው አታምኚም!" ብላ ተቆጣችኝ።

ካርዱ ሞላብኝ። ባልሽን ኤፍሬንን ሰላም በይልኝ፤ ልጅሽንም ሳሚልኝ። ፑዌብላ ሄጄ ካልተቀጠርኩ ካለችሽ አትከልክያት፤ ብቻ አውቶብስ ከመሳፈሯ በፊት ከንፈር ማንበብ አስተምሪያት።

ያንቺው ዴልፊና