በእናታቸው ነጠላ ያለቀሱት የአቶ ደምለው አዛናው የሕይወት ታሪክ

ወገኖቼ፣ ፀሐዩ ሳይበረታባችሁ የወንድሜን ልጅ ታሪክ ላንብብላችሁ። ዕድሜያቸው ለጋ ቢሆንም ዛሬ የምንሸኛቸው በአንቱታ ነው።

አቶ ደምለው ከአባታቸው ከአቶ አዛናው ፈንታና ከእናታቸው ከወይዘሮ አየሁሽ ረታ በኅዳር ወር 1916 ዓ.ም.፣ ማሽላ በሚቆረጥበት ሰሞን፣ እዚሁ መተማ ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሲይዝ ከወላጆቻቸው ጋር ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍ ተሰደዱ። እዚያም ከወንዛችን ማዶ ያለችው የገላባት ባለሱቅ ልጅ ከሆነው ከኸሊል ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ተማሩ። ወላጆቻቸው ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ እሳቸው ለትምህርቱ ሲሉ ቀሩ።

በ1936 ዓ.ም. ከኸሊል ጋር ካርቱም ኮሌጅ ገቡ። ሊሰናበቱ መጥተው ሲሄዱ እናታቸው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው "ስትተኛ ልበሰው፣ የእኔ ጠረን አለበት" ብለው ሰጧቸው።

ጦርነቱ አልፎ የኮሌጁ ስፖርት ደምቆ ነበር። ኳሱንም ሞክረው ነበር፤ በጫማ መምታት አልሆነላቸውም እንጂ። በሩጫ ግን የሚይዛቸው ጠፋ። በ1937 ዓ.ም. ያሸነፉበትን ዋንጫ ለአባታቸው ላኩላቸው። ወንድሜ አዛናውም "ጠላ በዚህ ካልተቀዳልኝ አልጠጣም" እያሉ ስንት ድግስ ላይ አስቸግረውናል።

በነሐሴ 1938 ዓ.ም. እናታቸው አረፉ። የዋልካው ጭቃ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ወሬው ካርቱም የደረሰው በጥቅምት ነው። መርዶ፣ እንደምታውቁት፣ ማልዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ደግፎ የሚነገር ነው። ለእሳቸው ግን አንድ መንገደኛ ኮሌጁ በር ላይ ቆሞ ነግሯቸው መንገዱን ቀጠለ። የሚቀመጡበት ለቅሶ ቤት አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ተማሪዎቹ ቴያትር ያዘጋጁ ነበር። ኮሌጁ ውስጥ ሴት ስላልነበረች ልጇን የምታለቅሰውን እናት ሆኖ የሚጫወት ጠፋ። ሁሉም አፈረ። አቶ ደምለው "እኔ እሆናለሁ" አሉ። የእናታቸውን ነጠላ ተከናንበው መድረክ ወጡ። የተሰጣቸውን የዐረብኛ ቃል ተዉትና በአማርኛ "እናቴ አየሁሽ፣ አፈር ሳላለብስሽ ቀረሁ" እያሉ ደረታቸውን መቱ። አዳራሹ ጨዋታ መስሎት አጨበጨበ። ነገሩ የገባው ኸሊል ብቻ ነበር።

ወሬው ግን ተጣሞ መተማ ገባ። አንድ ሰው ገበያ መሐል "አዛናው፣ ሯጩ ልጅህ ካርቱም ሴት ሆነልህ አሉ!" አለ። ስሙን አላነሳም፤ ዛሬ ከእኛው ጋር ተቀምጦ እያለቀሰ ነው። ገበያው ሳቀ። አባታቸው ዋንጫውን ጎተራ ውስጥ ወረወሩት፤ "ደጄን እንዳይረግጥ" ብለው ላኩባቸው። ሽማግሎች ብንለምን አልሰሙንም። አቶ ደምለውም ምክንያቱን በሰው አልላኩም። "ይህን ለአባቴ የምነግረው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ነው" ይሉ እንደነበር ኸሊል ነግሮናል።

በ1940 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨረሱ። በመስከረም 1941 ዓ.ም. መንገዱ ሳይደርቅ በጭቃው ተጉዘው ገላባት ደረሱ፤ ወባ ይዟቸው ስለነበር ከኸሊል ቤት አላለፉም። ከዚያ ቤት ደጅ ላይ ሆኖ መተማ ይታያል። "ልግባ ወይ?" ብለው ላኩ። አባታቸው ዝም አሉ። ደግመው ላኩ፤ አሁንም ዝም። ሕመሙ ሲጠና ኸሊል ራሱ ወንዙን ተሻግሮ መጣና፣ ተቀመጥ ብንለው ሳይቀመጥ፣ የመርዶውንም የቴያትሩንም ነገር አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ወንድሜ አዳምጠው አዳምጠው፣

"ለቅሶ ላይ ነበር እንዴ ልጄ?" አሉ። በትራቸውንም ሳይዙ ወጡ።

ስንደርስ ትንፋሽ ነበራቸው፤ መናገር ግን አልቻሉም። አባታቸው "ተነስ ቤትህ ግባ፣ እኔ ነኝ" አሏቸው። ይስሙ አይስሙ እግዜር ያውቃል። በቃሬዛ ስናመጣቸው አባታቸው የራስጌውን ተሸክመው ለማንም አልለቀቁም። አቶ ደምለው መስከረም 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱበት ቤት አረፉ። ትዳር አልያዙም፤ ልጅም አልወለዱም። አባታቸውን፣ እኅታቸውን ውባንተን፣ ወንድም የሆናቸውን ኸሊልንና እኛን ዘመዶቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ልጆቼ፣ አባታቸው የሴት ነጠላ ተከናንበው ፊታችሁ ተቀምጠዋል። አይታችሁ እንዳታንሾካሹኩ። የአየሁሽ ነጠላ ነው፤ ከልጃቸው ትራስ ሥር ያገኘነው። አቶ ደምለው እናታቸውን ሰው አገር ብቻቸውን አለቀሱ። ለእሳቸው ግን ሁላችንም፣ ወንዱም ሴቱም፣ ድምፅ አውጥተን እናልቅስላቸው።

አምላክ ነፍሳቸውን እናታቸው ካሉበት ያድርስልን፤ ለወንድሜም ሌሊቱን የሚያነጉበት ብርታት ይስጥልን። አሜን።