በባሕር ውሃ ስለ ተለካው መሬት

ለተከበሩ አቶ ባውሮ፣ የደሴታችን መብራት ቢሮ ኃላፊ፤

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ማራገቢያ ደህና እንደ ሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም፣ ከሰባት ሳምንት በፊት ከሞተው ታላቅ ወንድሜ ከኢዮቴባ በስተቀር፣ ደህና ነን። ገና ተማሪ ስለ ሆንኩ ድፍረቴን ይቅር እንዲሉኝ እየለመንኩ ጉዳዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ምርመራ ሪፖርትዎ አመሰግናለሁ። ኢዮቴባ ከባሕር ተመልሶ የመንደሩን አዳራሽ ፍሪዘር በእርጥብ እጅ በመክፈቱ ኤሌክትሪክ ይዞት «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» እንደ ሞተ ሪፖርቱ ይናገራል። የዓሣ አጥማጅ እጅ እርጥብ መሆኑን ስለ ደረሱበት አድናቆቴን እገልጻለሁ።

2. ሪፖርቱ የፍሪዘሩ ሽቦ ተልጦ ብረቱን እንደ ነካ ያምናል፤ ሆኖም ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው ዘንግ ለኤሌክትሪክ ያለው እንቅፋት 4 ኦም ብቻ ስለ ሆነ ደህና ነው ይላል። ይህን ቁጥር ያገኙት መርማሪዎ አቶ ቴዋሬካ አምና ሲለኩ እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። መለኪያውን ከማገናኘታቸው በፊት፣ «ኢዮቴባ፣ እስቲ አንድ ባልዲ የባሕር ውሃ አምጣልኝ፤ መሬቷ ጠምቷታል፣ ሳትጠጣ አትናገርም» አሉት። ወንድሜም አምጥቶ ዘንጉ ሥር እያፈሰሰ፣ «እርስዎ ሲሄዱ ማን ያጠጣታል፣ ጋሼ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ዝናብ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?» አሉት። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ የጣለው ሁለት ቀን ነው።

3. ባለፈው ሳምንት የፊዚክስ መምህርታችን ታኦቲ የትምህርት ቤቱን መለኪያ ይዘው መጡና ዘንጉን በደረቁ አሸዋ ላይ ለካነው። በ24 ቮልት ያለፈው 0.1 አምፔር ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉት 240 ኦም ይሆናል፤ ቢሮዎ ውስጥ ማካፈል የሚችል ሰው ካለ ያረጋግጥልን።

ዘንጉ እንደ ሪፖርትዎ 4 ኦም ቢሆን ኖሮ፣ በ240 ቮልት 60 አምፔር ይፈስስ፣ 20 አምፔር የሚችለው ፊውዝም ወዲያው ተቃጥሎ ፍሪዘሩን ያጠፋው ነበር። በ240 ኦም ግን የሚፈስሰው አንድ አምፔር ነው፤ ፊውዙ አይቃጠልም፣ የፍሪዘሩም ብረት ኤሌክትሪክ እንደ ያዘ ይቆያል። ኃይሉ 240 ዋት፣ የአራት አምፖል ያህል፤ አሸዋውን ትንሽ ያሞቅ ይሆናል። ፊውዙ እስከ ዛሬ ደህና ነው፣ ልክ ነበር የሚባለውም ዘንግ በቦታው አለ።

4. «የጥንቃቄ ጉድለት» በምን እንደሚለካ መጽሐፋችን ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

ካሳ አልጠየቅንም፤ አቶ ቴዋሬካም እንዲባረሩ አልፈልግም፣ ደክሞኛል። የምለምንዎ ያችን አንዲት ሐረግ እንዲሰርዟት ብቻ ነው። እናቴ ሪፖርቱን ካነበበች ጀምሮ ምግብ ቀርቦላት፣ «እጁን እንዲያደርቅ አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩትም» ትልና ትነሳለች።

መንደራችንን በብርሃን ስለ ጎበኙ በአክብሮት እጅ የምነሳ፣

ካራይቲ ናቦይ

ማስታወሻ፦ እርማቱን እባክዎ በቀጥታ ለእናቴ ይላኩላት። ስሌቱን እኔ ሦስት ጊዜ አስረድቻታለሁ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «ጎበዝ ልጄ፤ ግን ማኅተም አለው?» አለችኝ።