የኢስታንቡል ትርፍ ቀኖች

ወርቅዬ፣

ከፈረቃ እስክትመለሺ አልቆይም፤ ወደ ደማም ኤርፖርት የሚወስደኝ ሾፌር ውጭ ክላክስ እያደረገ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ ምስር ወጥ አለልሽ። ጋዙ ስለሚያፈስ አብስለሽ ስትጨርሺ ከሥሩ ዝጊው።
ከሐሙሱ የገበያ አውቶቡስ ዝርዝር ላይ ስሜን አሰርዢልኝ፤ አለዚያ የሆስቴሏ ኃላፊ ጠፋች ብላ ስታፈላልገኝ ትውላለች።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ከቡድኑ ተነጥዬ ኢስታንቡል ልቆይባቸው ያልኳቸውን ሦስት ቀናት ትቻቸዋለሁ። ትኬቴን ቀይሬያለሁ፣ ከሰዎቹ ጋር እመለሳለሁ። ኸላስ፣ አበቃ።
እዚህ ኾባር ከሆስቴል በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ዘበኛው ይቆጥረኛል። እዚያም አስጎብኚው አውቶቡስ ላይ ይቆጥረኛል። ማንም ሳይቆጥረኝ ጀልባ ላይ ልቀመጥ ነበር ያሰብኩት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

የምንሠራበት ሆስፒታል ያለ ዋስ የዓመት ፈቃድ እንደማይሰጥ አውቃለሁ። እኔ ብቀር የምትጠየቂው፣ እናትሽን ለማየት እንኳ እንዳትወጪ የምትታገጂው አንቺ ነሽ። ስለፈረምሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ግን ሻንጣዬን ከፍተሽዋል። እኔ ልብሴን እንደዚያ አላጥፍም።
ስትፈልጊ የነበረው ዲግሪዬን ነው። ላይመለስ የሚሄድ ሰው ዲግሪውን ይዞ ነዋ የሚሄደው። ትራስሽ ሥር አድርጌልሻለሁ፣ እንቅልፍ እንዲወስድሽ።

በሚመጣው ዓመት ተራው ያንቺ ነው። እኔ እፈርምልሻለሁ። የፈለግሽውን ያህል ቀን ጨምሪበት።

ሻንጣሽን አልነካም።

ሊያ